በፖስታ የሚላክ የ«አለርጂ ሴሎች» ምርመራ ልትገዙ ከሆነ መጀመሪያ ይህን አንብቡ

ወገኖች፣ እኔ ተበልቻለሁ፤ እናንተ እንዳትበሉ ብዬ ነው የምጽፈው።

ለወራት ቆዳዬ እየተነሳ ሲያሳክከኝ ኦንላይን አንድ ፓኬጅ አየሁ። ከጣት ጥቂት ደም ወረቀት ላይ አንጠባጥባችሁ በፖስታ ትልካላችሁ፣ እነሱ ደግሞ የመከላከያ ሴሎቻችሁን ምን እንደሚያስቆጣቸው እንነግራችኋለን ይላሉ። ውጤቱ ሲመጣ ወተት፣ እንቁላል፣ ስንዴ፣ ቲማቲም፣ ብቻ በየቀኑ የምበላው በሙሉ በቀይ ተጽፏል። ሁለት ወር ሁሉንም ተውኩ። ከሳሁ፤ ሽፍታው ግን ንቅንቅ አላለም።

በኋላ የአለርጂ ሐኪም ዘንድ ወረቀቱን ይዤ ሄድኩ። የተለካው አይጂጂ (IgG) የሚባል፣ ሰውነታችን የሚሠራው የመከላከያ ፕሮቲን ነው አለችኝ። አይጂጂ የሚያሳየው ሰውነታችን ያንን ምግብ ማወቁን ነው። ብዙ ጊዜ የምንበላው ነገር ከፍ ብሎ ቢታይ አይገርምም። የምግብ አለርጂ ሲነሳ ማስት ሴልና ባዞፊል የሚባሉትን የመከላከያ ሴሎች በዋናነት የሚያነቃው ሌላ ዓይነት ፕሮቲን ነው፣ አይጂኢ (IgE)። እሱም ቢሆን ብቻውን አይበቃም፤ ደም ውስጥ ተገኝቶ ሰውየው ምግቡን ያለ ችግር ሊበላ ይችላል። የአውሮፓ የአለርጂና የክሊኒካል ኢሚዩኖሎጂ አካዳሚ የአይጂጂ4 (የአይጂጂ አንዱ ዓይነት ነው) ምርመራ ለምግብ አለርጂ መለያ እንዳይሆን የመከረው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው! እነሱ ግን እስካሁን ይሸጡታል።

በጣም ያናደደኝ ግን ተጨማሪ ከፍዬ የወሰድኩት «የነቁ ሴሎች መለኪያ» ነው። ባዞፊሎች መንቃታቸውን የሚለካ ምርመራ እውነትም አለ፣ ግን ሴሎቹ በሕይወት መኖር አለባቸው፤ ደሙ በአብዛኛው በአንድ ቀን ውስጥ ላብራቶሪ መድረስ አለበት። ወረቀት ላይ የደረቀ ደም ውስጥ ምን ሕያው ሴል አለ? ሴሎቹ ሲነቁ የሚለቁት ሂስታሚን የሚባለው ንጥረ ነገርም ከደም ውስጥ በደቂቃዎች ነው የሚጠፋው። ከማስት ሴል የሚወጣው ሌላው ንጥረ ነገር፣ ትሪፕቴዝ፣ ትንሽ ይቆያል፣ ግን ለእሱም ሰዓቱ ወሳኝ ነው፤ ሐኪሞች ከባድ አለርጂ በተነሳ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ደም ይወስዱና፣ ቢያንስ 24 ሰዓት ካለፈ በኋላ ሰውየው ሲረጋጋ ደግመው ወስደው ሁለቱን ያነጻጽራሉ። እኔ ደሜን የላክሁት ምንም ባልተሰማኝ ቀን፣ ያውም አንድ ጊዜ ብቻ። ከምን ጋር አነጻጸሩት? ብጠይቃቸው መልስ የለም። ገንዘቤም አልተመለሰም።

ቀድማችሁ ገዝታችሁ ከሆነ ወረቀቱ ላይ አይጂጂ የሚል እንዳለ እዩ። ካለ፣ በእሱ ተነስታችሁ በተለይ ከልጆች ምግብ አትቀንሱ። ከቀዩም ይልቅ የሚያስፈራኝ አረንጓዴው ነው። ኦቾሎኒ በልቶ ከንፈሩ ያበጠ ወይም ትንፋሽ ያጠረው ሰው፣ ይህ ወረቀት «ችግር የለውም» ስላለው ብቻ ደግሞ እንዳይቀምሰው፤ መጀመሪያ የአለርጂ ሐኪም ይየው።