ላቡ የተጠረገበት አልበም፦ የሳቩካ «ሰርድ ወርልድ ቻይልድ»

እኔ የደቡብ አፍሪካው ባንድ የጁሉካ ሰው ነኝ። መሥራቾቹ ጆኒ ክሌግና ሲፎ ምቹኑ ዙሉና እንግሊዝኛ እያፈራረቁ ሲዘፍኑ የሰማሁ ቀን ነው የተያዝኩት። ስለዚህ ይህን አልበም የከፈትኩት ስጋት ይዤ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1985 ሲፎ ወደ ዙሉላንድ፣ ወደ እርሻው ተመለሰ። ጁሉካ ተበተነ። ክሌግ በዓመቱ ሳቩካ የተባለ አዲስ ባንድ አቋቋመ፤ «ሰርድ ወርልድ ቻይልድ» ደግሞ በ1987 ወጣ። ጁሉካ በዙሉ «ላብ» ማለት ነው። እውነትም እዚህ አልበም ላይ ላቡ ተጠርጓል።

ልዩነቱን መስማት ከፈለጋችሁ «ስካተርሊንግስ ኦፍ አፍሪካ»ን ሁለቴ ክፈቱ። ጁሉካ በ1982 ሠርቶት ነበር፤ ሳቩካ እዚህ እንደገና ሠራው። ዜማው ያው ነው። የመጀመሪያውን ስሰማ ሁሉም አንድ ክፍል ውስጥ ተጠጋግተው የተጫወቱት ይመስለኛል። በሁለተኛው ድራሙ ገዝፏል፣ ኪቦርዱ ክፍተቱን ሁሉ ሞልቶታል፣ ሁሉም ነገር ጥርት ብሎ ቦታ ቦታውን ይዟል። «ሬይን ማን» ፊልም ውስጥ የገባውም ይሄኛው ነው፤ አይገርመኝም። ግን ማስካንዳው ወደ ኋላ ተገፍቷል። ማስካንዳ ክሌግ ገና ጎረምሳ ሳለ ከዙሉ የጎዳና ተጫዋቾች የተማረው የጊታር አጨዋወት ነው፤ አውራ ጣት ቤዙን ይመታል፣ ጠቋሚ ጣት ዜማውን ይለቅማል። እሱን ፍለጋ ጆሮዬን ማቅናት ነበረብኝ። በጣም ቅር ብሎኛል።

«አሲምቦናንጋ» ላይ ስደርስ ግን ክርክሬን አቆምኩ። ማንዴላ ገና እስር ቤት ሳለ የተሠራ ዘፈን ነው። አዝማቹ «አላየነውም» ይላል። እዚህ ኪቦርዱ አይጮህም፤ ከሥር እንደ ረጋ ውሃ ተንጣሎ ተቀባዮቹን ይሸከማል። ከዚያ ስም ይጠራል። ስቲቭ ቢኮ። ቪክቶሪያ ምክሴንጌ። ኒል አጌት። ቢኮና አጌት በፖሊስ እጅ የሞቱ የጸረ-አፓርታይድ ታጋዮች ናቸው፤ ምክሴንጌ በ1985 የተገደለች ጠበቃ ናት። ተቀባዮቹ ለቢኮ «ወንድማችንን አላየነውም» ይላሉ፤ ለምክሴንጌ ሲሆን «እህታችንን» ይሆናል። ያቺ የአንድ ቃል ለውጥ ሁልጊዜ ሆዴን ታላውሰዋለች። ቅንብሩ ትንሽ ቢንጫጫ ኖሮ አትሰማም ነበር።

ሌሎቹ ለሬዲዮ የተመቹ፣ ደህና ዘፈኖች ናቸው። ደጋግሜ የምመለስበት «ግሬት ኸርት» ነው።

ለእነዚህ ሰዎች አዲስ ከሆናችሁ በዚህ አልበም ጀምሩ፤ ጆሮ ቶሎ ይለምደዋል። ከዚያ የጁሉካን የመጀመሪያ አልበም «ዩኒቨርሳል ሜን»ን ፈልጉ፤ በ1979 የወጣ ነው። እዚያ ጊታሩ ፊት ለፊት ነው።