«ሬይድ ሰርቼልሃለሁ» ለሚላችሁ ብር ከመቁጠራችሁ በፊት

የድሬ ልጆች፣ በተለይ ፎቶ ቤት ያላችሁና ቪዲዮ የምትቆርጡ፣ እኔ የተበላሁትን እናንተ እንዳትበሉ። ሬይድ ማለት ሁለትና ከዚያ በላይ ዲስኮችን አስሮ እንደ አንድ ማሰራት ነው።

ኮምፒውተሬ ዊንዶውስ እስኪከፍት ቡና ይፈላል። ከዚራ አካባቢ አንድ ሱቅ ወሰድኩት፤ ስሙን አልጠራም። «አቦ፣ ሁለት ፓክድ ባለ 2 ቴራ ሃርድ ዲስክ በሬይድ ላስርልህ፤ ዊንዶውስህ ይበራል፣ ፋይልህም አይጠፋም» አለኝ። 24 ሺህ ብር ከፈልኩ።

ቤት ገብቼ ስከፍተው አንድ ዲስክ ሆኖ 3.6 ቴራ ገደማ ያሳያል። እኔ ሞኙ ደስ አለኝ! ሁለቱ ተደምረው ከታዩ የተሰራው ሬይድ 0 ነው፤ ፋይሉን ቆራርጦ ለሁለቱ ያካፍላል፣ አንዱ ሲሞት የሌላው ቁራጭ ለምንም አይሆንም። ግልባጭ የሚይዘው ሬይድ 1 ቢሆን 1.8 ብቻ ነበር የሚታየው።

ፍጥነቱስ? ትልልቅ ቪዲዮ ሲቀዳ እውነትም ፈጠነ። ዊንዶውስ ግን ሲነሳ ትንንሽ ፋይል ከየቦታው ይለቅማል። በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚዞር ዲስክ ግማሽ ዙር ለመጠበቅ ብቻ 4 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል፤ ሁለት ዲስክ ማሰር ይህን አያሳጥረውም። ለዊንዶውስ አንዲት ትንሽ ኤስኤስዲ (የሚዞር ነገር የሌለው ፈጣን ዲስክ) ብገዛ ከዚያ በታች በሆነ ብር እገላገል ነበር።

በሁለተኛው ወር፣ በዚያ በሰኔ ሙቀት፣ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ። በማግስቱ ሳበራው ጥቁሩ ስክሪን ላይ በቀይ «ፌይልድ» ይላል። ያላስረከብኩት ሰርግ ውስጡ ነበር። ለሙሽራው እናት ምን ብዬ እንደነገርኳቸው አትጠይቁኝ።

የተረፈውን ዲስክ ለብቻው ሰክቼ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ሳየው ከ31 ሺህ ሰዓት በላይ ሰርቷል። ሦስት ዓመት ተኩል ያለ እረፍት ማለት ነው፣ ፓክዱ!

ተመልሼ ስሄድ ሰውዬው አላፈረም። «ሦስተኛ ዲስክ ጨምርና ሬይድ 5 ልስራልህ» አለኝ። ሬይድ 5 አንድ ዲስክ ቢሞት ይችላል፣ ግን እያንዳንዷን ትንሽ ጽሁፍ ለማስቀመጥ ሁለቴ አንብቦ ሁለቴ ይጽፋል፤ ዊንዶውስ የሚጫንበትን ሃርድ ዲስክ ጭራሽ ያዘገየዋል።

እና «ፋይልህ አይጠፋም» ካሏችሁ፣ ገና የራሳችሁን ፋይል ሳትጭኑበት ኮምፒውተሩን አጥፉና የአንዱን ዲስክ ገመድ እዚያው ፊቱ ንቀሉ። ዊንዶውስ ከተነሳ ክፈሉ። የዲስኩንም ሰዓት ሳታዩ ከሱቁ አትውጡ። ባክአፕ ደግሞ ሌላ ዲስክ ላይ፣ ከኮምፒውተሩ ውጭ ይቀመጥ፤ በስህተት የሰረዛችሁትን ሬይድ 1 ከሁለቱም ላይ ነው የሚያጠፋው።