ለረጅምና ቀጭን ሴት የስኩባ ልብስ፦ ከመደርደሪያ፣ ከወንዶች ወይስ በልክ?

ከጠለቃ ወጥተን ዕቃችንን በምናለቀልቅበት ሰዓት ሁሌ አንድ ጥያቄ ይመጣብኛል፤ «ይሄ ዌትሱት እንዴት እንዲህ ልክክ አለልሽ?» ዌትሱት ማለት ኒዮፕሪን ከሚባል የጎማ ስፖንጅ የሚሠራ፣ ገላ ላይ ልጥፍ ብሎ ጠላቂን ከብርድ የሚከላከል ልብስ ነው። ጠያቂዎቹ አብዛኛውን ጊዜ እንደኔ መለሎና ቀጠን ያሉ ሴቶች ናቸው። ቁመቴ 1.83 ሜትር፣ ክብደቴ 62 ኪሎ ነው። የሴት መካከለኛ ቁጥር ወርዱ ሲሆነኝ ቁመቱ ያጥረኛል። ትልቁን ስለብስ ቁመቱ በጥቂቱ ይሻሻልና ወገቤ ላይ ይንዘረፈፋል።

መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ለዌትሱት በልክ የሚሰፋውን፣ ለቢሲዲ (ሲሊንደሩን ጀርባሽ ላይ ለሚይዘውና አየር እየተሞላ ለሚያንሳፍፍሽ ዕቃ) ደግሞ ባክፕሌትና ዊንግ፣ ማለትም ሳህንና የአየር ከረጢት፣ ግዢ። ከዚህ በታች የምጽፈው እዚህ ውሳኔ ላይ እስክደርስ ያወጣሁትን ወጪ ነው።

ዋጋ በየቦታው ስለሚለያይ አንድ መነሻ ልያዝ። መካከለኛ ጥራት ያለው ባለ 5 ሚሊ ሜትር የሴት ዌትሱት ከመደርደሪያ ሲገዛ 100 ነው እንበል። የልብሱን ወጪ ሁሉ የምቆጥረው በዚያ ሚዛን ነው።

የመጀመሪያዬን በቅናሽ በ70 ገዛሁት። እጅጌው ከእጄ አንጓ አራት ጣት አጥሮ እያየሁት ሻጩ «ኒዮፕሪን ይሳባል፣ ሁለት ሦስቴ ስትለብሺው ይለቅልሻል» አለኝና አመንኩት። ኒዮፕሪን በወርዱ ሲወጠር መጠነኛ መለቀቅ ያሳያል። ከትከሻ እስከ ብሽሽት ያጠረ ልብስ ግን ምንም ያህል ቢለበስ አይረዝምም። ዚፑን ስዘጋ ትከሻዬ ወደ ታች ይጎተታል፣ አንገትጌው ጉሮሮዬን ያንቀኛል። ይሄ የምቾት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስልሽ፤ በአንገት ግራና ቀኝ ያሉትን የደም ስሮች የሚጫን አንገትጌ የልብ ምትን ሊያዘገይና ሊያዞር ይችላል። ውሃ ውስጥ መዞር ምን ማለት እንደሆነ ጠላቂ ሁሉ ያውቀዋል።

በአሥራ አንደኛው ጠለቃ ዚፑ ተተረተረ። አዲስ ዚፕ ለማስገጠም 30 ከፈልኩ። የተላቀቀውን የአንገትጌ ስፌት ለማስለጠፍ 10። እጅጌውና እግሩ ላይ ቁራጭ ለማስቀጠል 25። በ70 የጀመረው ልብስ 135 ገባ፣ እኔ ግን አሁንም እየተንቀጠቀጥኩ ነበር የምወጣው። ከ38 ጠለቃ በኋላ በ20 ሸጥኩት። ከኪሴ የወጣው 115 ነው፤ ለአንድ ጠለቃ 3 ገደማ መሆኑ ነው። ይቺን ቁጥር ያዢልኝ።

ብርዱ ከየት እንደሚመጣ ካልገባሽ ሁለተኛውንም ትሳሳቻለሽ። ውሃ ከአየር 25 እጥፍ ገደማ ፈጥኖ ሙቀት ይወስዳል። ዌትሱት የሚያሞቀው ስፖንጁ ውስጥ ባሉት ጥቃቅን የጋዝ አረፋዎች ነው፤ ያም ቢሆን ከቆዳሽ ጋር የቀረው ስስ ውሃ ሳይለዋወጥ እስከቆየ ድረስ ነው። የቀጭን ሴት ወገብ ከኋላ ሰርጎድ ይላል። ልብሱ እዚያ ካልተጠጋ ውሃው ይጠራቀማል፣ በፊን (እግር ላይ በሚጠለቀው መቅዘፊያ) በመታሽ ቁጥር ያ ውሃ በአንገት ይወጣና አዲስ ቀዝቃዛ ይተካዋል። ከወገቤ ተነስቶ በጀርባዬ ወደ ላይ የሚሮጠውን ያንን ብርድ እስከዛሬ አልረሳውም። ውፍረቱን ወደ 7 ሚሊ ሜትር ማሳደግ ለዚህ መድኃኒት አይሆንም። 20 ሜትር ላይ ደግሞ ግፊቱ 3 ባር ነው። ስፖንጁ ተጨምቆ ይሳሳል፤ ላይ ልክ የመሰለው ታች ሲደርስ ይላላል።

ወደ አማራጮቹ ልምጣ። የረጅም ሴት ቁጥር የሚያመርቱ አሉ። በጀርመን ልኬት የረጅም ሴት ቁጥር የመደበኛው እጥፍ ነው፤ 76 የ38 ረጅሙ፣ 80 የ40 ረጅሙ ነው። በአሜሪካ ልኬት ከቁጥሩ ቀጥሎ «ቲ» ፊደል ታያለሽ። ከነዚህ አንዱ በትክክል ከሆነሽ ሌላ አትፈልጊ፣ ከ100 ብዙ ሳትርቂ ትገላገያለሽ። እኔ የሞከርኩት አንዱ ግን እጅጌና እግሩን አስረዝሞ ጀርባውን እንደነበረ የተወ ነው። ስለዚህ ስትሞክሪ መጀመሪያ ቁርጭምጭሚትሽን አትዪ። ዚፑን ዝጊና ቁጢጥ በዪ፣ ከዚያ ሁለት እጅሽን ወደ ላይ ዘርጊ። ትከሻሽ ከተጫነ ወይም ብሽሽትሽ ሥር ክፍተት ከቀረ መልሺው።

የወንድ ረጅም ቁጥር ብዙዎች የሚመክሩት ነው፣ እኔም አድርጌዋለሁ። በ95 ገዛሁት፤ ቁመቱ ገና ስለብሰው ደስ አሰኘኝ። ትከሻው ግን ሰፊ፣ ወገቡ ቀጥ ያለ፣ ዳሌው ጠባብ ነው። ትርፍ ወርድ ይጠባል ብዬ ልብስ ሰፊ ጋ ወሰድኩት። ስህተቱ እዚያ ላይ ነበር። ተራ ስፌት መርፌውን ኒዮፕሪኑን አሳልፎ ይወጋዋል፤ እያንዳንዱ ቀዳዳ ውሃ ያስገባል። የዌትሱት ስፌት መጀመሪያ በሙጫ ይጣበቃል፣ ከዚያ መርፌው ከስፖንጁ ግማሽ ሳያልፍ ይሰፋል። ይህን የሚያውቅ ጠጋኝ ፈልጌ እንደገና አስፈትቼ ሳሠራው 40 ወጣ። 95 እና 40፣ ድምሩ 135። ከመጀመሪያው በጣም ይሻላል፤ ትከሻው ላይ ግን አሁንም አየር ይይዛል። አሁን የምሰጠው ልብስ ላጣ እንግዳ ነው።

በልክ የተሰፋው 170 አስከፈለኝ። ሲመጣ ባቴ ላይ ጠበበኝ፤ በነፃ አስተካከሉት፣ የመመለሻ መላኪያ 8 ግን በኔ ነበር። ኋላ ጉልበቱ ሲላጥ ለማስለጠፍ 6 ከፈልኩ። 184 መሆኑ ነው። እስካሁን 210 ጊዜ ጠልቄበታለሁ፤ ለአንድ ጠለቃ ከ1 በታች ወርዷል። ያ በቅናሽ ገዛሁት ያልኩት ልብስ ከሦስት እጥፍ በላይ ተወደደብኝ ማለት ነው።

ጉድለቱንም ልንገርሽ። ወራት ልትጠብቂ ትችያለሽ። ክብደትሽ ከተለወጠ ልኩ አብሮ ያልፍበታል፣ ልሽጠው ብትዪም ያንቺ ዓይነት ሰውነት ያላት ገዢ በቀላሉ አትገኝም። ልኬቱን ራስሽ አትውሰጂ፤ ሜትር ለመያዝ ስታጎነብሺ ልኩ ይዛባል። ስስ የዋና ልብስ ለብሰሽ ሌላ ሰው ሁለት ጊዜ ይለካሽ። ከሁሉ የሚበልጠው ልኬት ከትከሻ ጫፍ ተነስቶ በፊት በኩል በብሽሽት አልፎ በጀርባ እዚያው ትከሻ ላይ የሚመለሰው ነው። ሰፊው ይህን ካልጠየቀሽ ቁመትሽን አልያዘውምና ትዕዛዙን ተዪው።

አስመስሎ የተሠራ ልብስም አጋጥሞኛል፤ ጓደኛዬ በ55 አግኝታ በደስታ አሳየችኝ። ስፖንጁን በጥፍሬ ጫን አድርጌ ስለቀው ጉድጓዱ እዚያው ቀረ። ጥሩ ኒዮፕሪን ወዲያው ይመለሳል። ርካሹ ከሌላ ጎማ ጋር የተደባለቀ ስለሆነ በጥቂት ጠለቃ ተጨምቆ ይቀራል። የሷም በአንድ ወቅት ውስጥ እንደ ወረቀት ሳሳ።

ቢሲዲ ላይ ጭቅጭቁ አጭር ነው። ጃኬት ቢሲዲ በትንሽ፣ በመካከለኛና በትልቅ ይመጣል። ትንሹ ወርዱ ይሆንሻል፤ የወገብ ማሰሪያው ግን ከዳሌሽ በላይ ጎድንሽ ላይ ይውላልና ትንፋሽሽን ያጠባል። መካከለኛው ቁመቱ ይሻልና ወርዱ ይሰፋል፤ ላይ ሆነሽ አየር ስትሞዪው ጆሮሽ ድረስ ይወጣል፣ ሲሊንደሩም ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። «ለሴት የተሠራ» የሚለው ጃኬት ደግሞ የሞከርኩት ሁሉ ጀርባው አጭር ነበር፤ ለኔ ከነጭራሹ አልሆነም።

ባክፕሌት ማለት ጀርባሽ ላይ የሚውል የብረት ሳህን፣ በውስጡ የሚያልፍ አንድ ወጥ 5 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው ማንገቻና ከኋላ የሚታሰር ዊንግ ነው። ማንገቻውን ላንቺ እስኪሆን ታሳጥሪዋለሽ ወይም ታረዝሚዋለሽ፤ የወገቡን ዘለበት ዳሌሽ ላይ ታሳርፊዋለሽ፣ የብሽሽቱ ማንገቻ ወደ ላይ እንዳይሸሽ ይይዘዋል። ሌላም ጥቅም አለው። የክብደት ቀበቶ ጠባብ ዳሌ ላይ አይቆምም፣ ይንሸራተታል። የብረት ሳህኔ 2.7 ኪሎ ነው፤ ድሮ 6 ኪሎ እርሳስ እታጠቅ ነበር፣ አሁን 3 ይበቃኛል። ጃኬቱን 100 ብትዪው ይሄ 120 ይመጣል። ማንገቻ ሲያልቅ ግን ማንገቻውን ብቻ፣ ዊንግ ሲበላሽ ዊንጉን ብቻ ነው የምትቀይሪው።

እኔ መጀመሪያ የገዛሁት በ60 የተገኘ አስመስሎ የተሠራ ነበር። የሳህኑ ቀዳዳዎች ጠርዝ አልተሞረደም። በሁለተኛው ወር ማንገቻው ቀዳዳው ውስጥ በሚታጠፍበት ቦታ ጭረት ጭረት እያለ ተቦጫጭሮ አገኘሁት፤ ክሩ በእጄ ሲነካ ይረግፋል። ቀጥሎ ዊንጉ ማታ ተነፍቶ ሲያድር ጠዋት ግማሽ ሆኖ ይጠብቀኝ ጀመር። ገንዳ ውስጥ ነክሬ ጎን ጎኑን ስጫነው የሳህኑ ጥግ ከሚነካው ላይ እንደ ሰናፍጭ ፍሬ ደቃቅ አረፋ ተከታትሎ ወጣ። ሁለቱንም ጣልኩ። አንቺ ስትገዢ ያረጀ የጥጥ ጨርቅ ያዢና በእያንዳንዱ ቀዳዳ ዙሪያ ጎትቺው፤ ክር ከያዘ አትግዢ። ዊንጉንም ሞልተሽ አሳድሪው።

ማስክ በፊት ቅርጽ እንጂ በቁመት አይመረጥም፣ አልፈዋለሁ። ፊን ላይ እግርሽ ረጅምና ጠባብ ከሆነ ተረከዙ ክፍት የሆነውን ከቡት ጋር፣ ማሰሪያው የሽቦ ጥቅል የሆነውን ውሰጂ። የሬጉሌተር (አፍ ውስጥ የሚገባው መተንፈሻ) ቱቦ ብዙ ጊዜ 70 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ራስሽን ስታዞሪ አፍሽን ከጎተተው በብብት ሥር የሚያልፍ 1 ሜትር ቱቦ ቀይሪበት። ዋጋው ትንሽ ነው፣ የመንጋጋዬን ሕመም ግን በአንድ ቀን አስቆመው።

ገንዘቡ ለሁለቱም ካልበቃ መጀመሪያ ዌትሱቱን እዘዢና ቢሲዲውን ተከራዪ። ሳህኑን ደግሞ አገልግሎት ላይ የዋለ ብታገኚ አትፍሪ፤ ጥሩ የማይዝግ ብረት ከሆነ ከዕቃው ሁሉ ያገለገለ ስገዛው የማያሳስበኝ እሱ ብቻ ነው። ማንገቻውን ግን በአዲስ ለውጪው።