ዊል ሆርስ ሲ-120 በቀይ ሸክላ አፈር ላይ፦ የአንድ የእርሻ ዓመት ግምገማ

በቨርጂኒያ፣ ፒድሞንት በሚባለው አካባቢ፣ ከግማሽ ኤከር በምታንስ መሬቴ ላይ ካለፈው ነሐሴ ጀምሮ የማርሰው በዊል ሆርስ ሲ-120 የጓሮ ትራክተር ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ የተሠራ፣ ባለ 12 የፈረስ ጉልበት ኮህለር ኬ301 ሞተር የተገጠመለት ሲሆን፣ ከኋላው የሚጎትተው ባለ 10 ኢንች የብሪንሊ ማረሻ ነው። በጥቅምት ለነጭ ሽንኩርት፣ በመጋቢት ለድንች፣ በግንቦት ደግሞ ለጎመንና ለቃሪያ መሬቱን ያዘጋጀሁት በዚሁ ነው። ፍርዴን ላስቀድም፦ በቂ ክብደት ከተጨመረለት፣ ማረሻው በወጉ ከተስተካከለና አፈሩ በልኩ ሲጠነፍፍ ብቻ ከተሰማራ፣ ይህን ለሚያህል መሬት በተመሳሳይ ገንዘብ ከዚህ የተሻለ መሣሪያ አላገኘሁም። ከሦስቱ አንዱ ሲጓደል ግን ጎማው እየተሽከረከረ መሬቱን ይቧጭራል እንጂ አያርስም።

ስለ አመጣጡ ጥቂት መናገር የሚያስፈልገው ከመለዋወጫ ጋር ስለሚያያዝ ነው። ዊል ሆርስን ሴሲል ፖንድ እ.ኤ.አ. በ1946 በኢንዲያና ግዛት በሳውዝ ቤንድ ከተማ መሠረተው፤ በ1974 የመኪና አምራቹ አሜሪካን ሞተርስ ገዛው፤ በ1986 ደግሞ ወደ ሣር ማጨጃ አምራቹ ቶሮ ተዛወረ። ስሙ ከገበያ ከወጣ ብዙ ዓመት ቢሆነውም፣ ሞተሩ ጆን ዲርና ከብ ካዴትን ጨምሮ በበርካታ የዚያ ዘመን የጓሮ ትራክተሮች ላይ የተገጠመ በመሆኑ ካንዴላው፣ ፑንቲናው (የእሳቱን መስመር የሚከፍትና የሚዘጋው)፣ ጓርኒሲዮኑ (በሞተሩ ክፍሎች መካከል የሚገባው ማሸጊያ) እና የካርቡሬተሩ ዕቃ ዛሬም በቀላሉ ይገኛል። አሮጌ ትራክተር መግዛት የሚፈልግ ሰው ከቀለሙና ከጎማው በፊት የሞተሩን ዓይነት ይመልከት የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ እርሻው ልግባ። ብዙ ሰው የፈረስ ጉልበቱን ይጠይቃል፤ ዓመቱን ሙሉ ያስተዋልኩት ግን ሞተሩ ጉልበት አንሶት ሲቆም ሳይሆን ጎማው መሬት መያዝ አቅቶት ሲሽከረከር ነው። ባዶውን ሣር ለማጨድ በቂ የሆነው ክብደት 10 ኢንች ስፋትና 6 ኢንች ጥልቀት ያለው የሸክላ አፈር ለመገልበጥ አይበቃም። ስለዚህ በኋላ ጎማዎቹ ላይ የብረት ክብደት አስሬ፣ ጎማዎቹን በማይረጋ ፈሳሽ ሞልቼ፣ ከላይ ሰንሰለት አልብሻቸዋለሁ። ለፈሳሹ ካልሲየም ክሎራይድ ርካሽ ቢሆንም፣ አንዲት ቀዳዳ ካገኘ ቸርኬውን በዝገት ይበላዋል፤ እኔ የመኪና መስታወት ማጠቢያውን መረጥሁ። ክብደቱ ቢያንስም ቸርኬውን ያተርፋል።

ከክብደቱ ብዛት ይልቅ ቦታው የሚረሳ ይመስለኛል። ከመጀመሪያው ትልም በኋላ የቀኝ ጎማዎች በተከፈተው ትልም ውስጥ ስለሚሄዱ ትራክተሩ ወደ ቀኝ ያዘነብላል፤ ክብደቱም ወደ ቀኝ ጎማ ይሸሻል። ይህ ትራክተር የግራና የቀኙን ጎማ አንድ ላይ የሚቆልፍ መሣሪያ ስለሌለው፣ ገና ባልታረሰው መሬት ላይ ያለው የግራ ጎማ ቀልሎ ይሽከረከራል፤ እርሱ ሲሽከረከር ደግሞ ቀኙም ይቆማል። ለግራው ጎማ ከቀኙ የበለጠ ክብደት መስጠት ይህን ችግር ከግማሽ በላይ ያቃልለዋል።

ማረሻውን የማስተካክለው ሜዳ ላይ ሳይሆን ጋራዥ ውስጥ ነው። 6 ኢንች ውፍረት ያላቸው የእንጨት ጉማጆች በግራ ጎማዎች ሥር አስገብቼ፣ ትራክተሩ ትልም ውስጥ እንዳለ ሆኖ እንዲያዘነብል አደርጋለሁ። በዚያ አቋም ላይ የማረሻው ቋሚ ብረት ቀጥ ብሎ መቆም አለበት፤ የማረሻው ጫፍም ከተረከዙ በጥቂቱ ዝቅ ይላል። ተረከዙ ዝቅ ካለ ማረሻው ከመሬት ይወጣል፤ ጫፉ ከልክ በላይ ካዘቀዘቀ ደግሞ እየጠለቀ ሄዶ ትራክተሩን ያቆመዋል። ከፊት ለፊቱ የሚሽከረከረው ክብ መቁረጫ ከማረሻው ጠርዝ ግማሽ ኢንች ያህል ወደ ግራ ወጣ ብሎ ሲታሰር የትልሙ ግድግዳ በቢላዋ የተቆረጠ ያህል ንጹሕ ይሆናል፤ የሣሩ ሥርም ማረሻው ላይ አይጠመጠምም። ሁሉም በልኩ ሲሆን ከመቀመጫው ላይ ሆኖ በጆሮ ይታወቃል፦ ማረሻው ሲነክስ የማርሚታው ድምፅ ይወፍራል፤ የሞተሩ ፍጥነት ተቆጣጣሪ ቤንዚኑን ይከፍትለታል፤ ከዚያም በዝቅተኛው ማርሽ ሳይንገራገጭ እስከ ማሳው ጫፍ ይሄዳል።

የፒድሞንት ቀይ ሸክላ እርጥብ ሳለ ከተገለበጠ ፊቱ አብረቅራቂ ሆኖ ይወጣል፤ ሲደርቅም ጓሉ በዲስክ (ጓል በሚከሰክሱ ክብ ብረቶች) እንኳ የማይሰበር ይሆናል፤ የዚያ ዓመት ሰብል በዚያው ይበላሻል። ከማረሴ በፊት ከ5 ወይም 6 ኢንች ጥልቀት አፈር ዘግኜ በመዳፌ እጨብጠዋለሁ፤ ድቡልቡሉን በአውራ ጣት ስገፋው ከተፈረፈረ አርሳለሁ፣ ከተለጠጠ ቀናት እጠብቃለሁ። በመጋቢት ዝናቡ ስለሚደጋገም ይህ ትዕግሥት ይጠይቃል።

በበሬ ሲታረስ አይቶ ላደገ ሰው አንድ ልዩነት ልብ ሊባል ይገባል። የአገራችን ማረሻ አፈሩን ይሰነጥቃል እንጂ አይገለብጥም፤ ገበሬው መሬቱን ደጋግሞ በመስቀለኛ የሚያርሰውም በዚህ ምክንያት ነው። ይህ የብረት ማረሻ ግን በአንድ ጊዜ ስለሚገለብጥ ሣሩንና ያለፈውን ዓመት ገለባ ከሥር ይቀብራል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው በዲስክ ማለስለስ ነው። ጉዳቱ ደግሞ የተገለበጠ መሬት ዝናብ ሲመጣበት በቀላሉ መሸርሸሩ ነው፤ ስለዚህ ተዳፋት የሆነውን የመሬቴን ጫፍ ሳላርስ በሣር ትቼዋለሁ።

ሞተሩ ባለ አንድ ሲሊንደር፣ አካሉ የብረት፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ነው። ዘይቱ በውስጡ በመረጨት ብቻ ስለሚሠራጭና የዘይት ፊልትሮ ስለሌለው ዘይቱን በየ25 ሰዓቱ መቀየርና ከእያንዳንዱ ሥራ በፊት ልኩን ማየት ግድ ነው። በሲሊንደሩ ዙሪያ ያሉትን የማቀዝቀዣ ክንፎች የሚሸፍነውን ቆርቆሮ በዓመት አንድ ጊዜ መፍታትም እንዲሁ፤ እኔ ስፈታው የአይጥ ጎጆና የደረቀ ሣር ተጠቅጥቆ አገኘሁ፤ እንደዚያ ሆኖ በበጋ ቢታረስበት ሞተሩ በሙቀት ይጎዳ ነበር።

የእሳቱ ክፍል በጣም የምወደው ነው፣ ምክንያቱም ሁሉም ነገር በዓይን ይታያል። በሞተሩ ጎን ካለች ትንሽ ክዳን ሥር ፑንቲናው አለ፤ ከካሙ (ቫልቮቹን ከሚያንቀሳቅሰው ዘንግ) የሚመጣ ቀጭን ዘንግ እየገፋ ይከፍተዋል። ክፍተቱ 0.5 ሚሊ ሜትር፣ የካንዴላው ደግሞ 0.9 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ሞተሩ በብርድ ለመነሣት ሲያስቸግር የፑንቲናውን ፊት በንጹሕ ወረቀት መጥረግና ክፍተቱን መለካት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃዋል። ከአንድ የመለዋወጫ ሻጭ ያዘዝኩት አዲስ ፑንቲና ግን ጫፎቹ ተዛንፈው ስለማይገናኙ አሮጌውን አጽድቼ መልሼ አስገባሁት፤ እስካሁን እየሠራ ነው። ቤንዚኑን በተመለከተ ኤታኖል የሌለበትን ብቻ እጠቀማለሁ፤ ኤታኖል እርጥበት ስለሚስብና አሮጌውን የጎማ ዕቃ ስለሚጎዳ ነው። በበረዶው ወራት ሰርባቶዮውንና ካርቡሬተሩን ባዶ አደርጋለሁ።

ካምቢዮው በብረት አካል የተሠራ ጠንካራ ነገር ቢሆንም፣ ለዓመታት ደጅ ያደረ ትራክተር ላይ አንድ ነገር መታየት አለበት። የማርሽ መቀያየሪያው ዘንግ ሥር ያለው የጎማ ሽፋን በዕድሜ ብዛት ሲሰነጠቅ የዝናብ ውኃ ወደ ውስጥ ይወርዳል። የእኔን ዘይት ሳፈስሰው ወተት የመሰለ ሆኖ ወጣ፤ በናፍጣ አጥቤ፣ አዲስ ሽፋን ገጥሜ፣ አዲስ ወፍራም የማርሽ ዘይት ሞላሁት። የኋላ ጎማዎቹን ከአክሱ ጋር የሚያጠብቁት ብሎኖችም በእርሻ ጊዜ ይላላሉ፤ ሳይታዩ ከቀሩ ጎማውንና አክሱን የምታያይዘው ትንሽ ብረት ተበልታ አክሱ ይበላሻል። ስለዚህ ከማረስ በፊትና በኋላ በመፍቻ እፈትሻቸዋለሁ።

የማይመቸውም አለ። ማረሻውን የሚያነሣው በእጅ የሚሳብ ዘንግ ስለሆነ በየትልሙ ጫፍ ክንድ ያደክማል፤ ክብደትና ሰንሰለት ከተጨመረበት በኋላ መሪው ይከብዳል፤ ድምፁም ያለ ጆሮ መከላከያ አይቻልም። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ከመገልበጥ የሚጠብቅ ብረት የሌለው መሆኑ ነው። ማረሻው ከድንጋይ ወይም ከዛፍ ሥር ጋር ሲያያዝ የፊት ጎማዎቹ ሊነሡ ስለሚችሉ ፊቱ ላይም ክብደት አስሬያለሁ፤ ማረስ በጀመርኩ ቁጥርም እግሬ ከፍሪሲዮኑ ፔዳል አይርቅም፤ ፔዳሉ ሲረገጥ ቺንጊያው ላልቶ ጎማው ወዲያው ጉልበት ያጣል። ልጅ በዚህ ትራክተር ላይ ማሳፈር ፈጽሞ አይገባም።

እንዲህ ያለ አሮጌ ትራክተር ገዝቶ ለቤተሰብ ወደ ኢትዮጵያ ለመላክ የሚያስብ ሰው ቢያማክረኝ አልመክረውም። ድንጋያማ በሆነ ወይም በዋልካ መሬት ላይ ክብደቱ አይበቃም፤ መለዋወጫው ሁሉ ከአሜሪካ መምጣት አለበት። እዚህ አገር ከሩብ እስከ ግማሽ ኤከር መሬት ላለውና ቅዳሜውን በመፍቻ ለማሳለፍ ለማይሰለች ሰው ግን ያለ ማመንታት እላለሁ፣ ይግዛው። ማረሻው ሲገዛ ዝገት ካለበት አፈሩ ስለሚጣበቅበት ፊቱን እስኪያበራ መፈግፈግ፣ ከእያንዳንዱ እርሻ በኋላም ግራሶ መቀባት አይርሳ።

ከጥቅምቱ እርሻ በፊት የቀረኝ ሥራ ቴስታታውን (የሲሊንደሩን የላይ ክዳን) አንሥቼ የተጠራቀመውን ጥቀርሻ ማጽዳትና የቫልቮቹን ክፍተት መለካት ነው፤ ጓርኒሲዮኑ ተገዝቶ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል።