ከአልጋችን ጎን የገጠምናት የሕፃን አልጋ፦ እንቅልፍ ድንገት ለሚጥላት እናት

ናርኮሌፕሲ አለብኝ። አእምሮን አንቅቶ የሚያቆየው ኦሬክሲን የሚባል የአንጎል ኬሚካል ሲጎድል የሚመጣ የእንቅልፍ ሕመም ነው፤ ሰፈሩ ግን "እንቅልፋም" ብሎ ገላግሎኛል። ካታፕሌክሲም አለብኝ፤ በጣም ስስቅ ጉልበቴም ክንዴም ይከዳኛል። አራስ እያለሁ እህቴ አንድ ቀልድ ጣል አደረገች፣ ልጄን እንደታቀፍኩ እጄ ዛለ፣ እናቴ ናት ቀልባ የያዘችው። አሁን ጠያቂ ሲመጣ መጀመሪያ ልጁን ይቀበሉኛል፣ ከዚያ ወሬው ይቀጥላል።

አልጋዋን የገዛነው አዲስ አበባ ካለ የሕፃናት ዕቃ መሸጫ ነው። ሦስቱ ጎኗ መረብ ነው፤ አራተኛው በዚፕ ወርዶ ከእኛ አልጋ ጋር ይገጥማል። ልጁ የራሱ ቦታ አለው፣ እኔም እጄን ዘርግቼ ደረቱን እነካዋለሁ። ሌሊት ሶፋ ላይ ቁጭ ብሎ ማጥባት ቀረ። እናት ሶፋ ላይ እንቅልፍ ከጣላት ልጁ በእሷና በመደገፊያው መሃል ሊታፈን ይችላል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም፣ ስታጠቢ እንቅልፍ ይወስደኛል ብለሽ ከሰጋሽ ከሶፋ አልጋ ይሻላል ይላል፤ ትራስና ብርድ ልብሱን አንስተሽ፣ እንደነቃሽም ልጁን ወደ ቦታው መልሰሽ።

ሻጩ ግን "ፍራሿ ደረቅ ናት፣ ይቆረቁረዋል፣ ስፖንጅ ደርቢበት" እያለ አስቸገረኝ። ዙሪያውን የሚከብ ትራስም ሊጨምርልኝ። ወንድሜ፣ ድርቀቷን ብዬ እኮ ነው የመጣሁት! ሕፃን በጀርባው፣ ደልዳላና ባዶ ፍራሽ ላይ ነው የሚተኛው።

ክፋቷ ማሰሪያዋ ነው። ለእኛ አልጋ አጠረና አራት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ቀረ። ባለቤቴ "ጋቢ እንጠቅጥቅበት" አለ። በጭራሽ! ሱቁ ረጅም ማሰሪያ እስኪሰጠን ሁለት ሳምንት አራተኛውን ጎን ዘግተን ተጠቀምንባት። ዚፑ ደግሞ ሌሊት ሲከፈት ጎረቤት ይቀሰቅሳል።

አልጋዋ እኔን አታነቃኝም፣ ያው። ስለዚህ ሌሊት ሳጠባ ባለቤቴ አጠገቤ ይቀመጣል። በጣም የደከመኝ ቀን አስቀድሜ ያለብኩትን ወተት ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እሱ በጡጦ ይሰጠዋል፤ የታለበ ወተት ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን ይቆያል። የመድኃኒቴን ነገር ከሐኪሜ ጋር ነው የጨረስኩት፣ ከጎረቤት ጋር አይደለም።

ዛሬም ብሆን እገዛታለሁ። ብቻ ከመሄዳችሁ በፊት የአልጋችሁን ከፍታ ለኩ፣ ማሰሪያዋንም እዚያው ሱቅ ውስጥ ዘርግታችሁ እዩ።