የዣን ዳርክ ቤት ዶምሬሚ፦ ባዶ ነው ብለው እንዳያስቀሯችሁ

እውነት ለመናገር ቀድመውኝ ያዩት ሰዎች "ውስጡ ምንም የለውም፣ ቶሎ ነው የሚያልቀው" ስላሉኝ ብዙም ሳልጠብቅ ነው የሄድኩት። ቤቱ ያለው ዶምሬሚ ላ ፑሴል ነው፣ ሰሜን ምስራቅ ፈረንሳይ ቮዥ ውስጥ ያለች ትንሽዬ የገጠር መንደር፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የፈረንሳይን ጦር እየመራች እንግሊዞችን የተዋጋችው ወጣት ዣን ዳርክ በ1412 አካባቢ የተወለደችባት።

ከሩቅ ዓይን የሚይዘው ጣሪያው ነው፣ እንደሌላው ቤት በሁለት በኩል የወረደ ሳይሆን ወደ አንድ ጎን ብቻ ያዘቀዘቀ ስለሆነ ግማሹ የተቆረጠ ቤት ይመስላል። ግን እባካችሁ ቶሎ ብላችሁ አትግቡ፣ መጀመሪያ በሩ ጋ ቆም በሉና ወደ ላይ እዩ። ከበሩ በላይ ድንጋዩ ላይ 1481 የሚል ዓመት ተቀርጿል፣ እሷ ሩዋን ከተማ በ1431 ተቃጥላ ከሞተች ልክ 50 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ሦስት አርማ አለ፣ አንዱ የፈረንሳይ ነገሥታት፣ አንዱ ንጉሡ ለቤተሰቧ የሰጠው ሰይፍና ዘውድ ያለበት፣ ሦስተኛው ላይ ግን ያለው ማረሻ ነው! ሦስት የማረሻ ብረት። ጽሑፉም "ሥራ ይኑር፣ ንጉሥ ሉዊ ይኑር" እንደማለት ነው። የገበሬ ማረሻ ከንጉሥ አርማ ጎን እኩል ተቀርጾ ሳይ በጣም ነው ልቤ የተነካው፣ የገበሬ ልጅ መሆኗን ማንም እንዳይረሳ ያደረጉት ነው የመሰለኝ።

ውስጡ ምድር ቤቱ አራት ክፍል ነው፣ ተወለደችበት የሚባለው ምድጃ ያለው ትልቁ ክፍል ነው፣ የሷ መኝታ ነበር የሚባለው ደግሞ ጠባብ ጓዳ ሆኖ ብርሃን የሚገባው በአንዲት ትንሽ መስኮት ነው። አልጋ የለ ወንበር የለ፣ አዎ ባዶ ነው። እኔ ግን ወድጄዋለሁ፣ የሷ ያልሆነ አሮጌ ዕቃ ሰብስበው ቢሞሉት ኖሮ ዓይናችን ዕቃው ላይ ይቀር ነበር፣ አሁን ግን ወፍራሙን ግድግዳና የጣሪያውን እንጨት ነው የምታዩት፣ ዝም ያለ ቦታ ነው፣ እኔ ጓዳው ውስጥ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነበር የማወራው።

ቤቱ ዛሬ ድረስ የቆመው በ1818 የቮዥ አስተዳደር ከግለሰብ ስለገዛው ነው፣ ፈረንሳይ በ1840 የመጀመሪያውን የታሪካዊ ቅርሶች ዝርዝር ስታወጣም ገብቶበታል። ታሪኩን በደንብ የሚያስረዳው አጠገቡ ያለው የኤግዚቢሽን ማዕከል ስለሆነ ሁለቱንም እዩ፣ እኔ ግን ቤቱን አስቀድሙ እላለሁ። ስትወጡ ጎረቤት ያለው የቅዱስ ሬሚ ቤተክርስቲያንም ግቡ፣ ተጠመቀችበት የሚባለው የድንጋይ ገንዳ እዚያ ነው ያለው።