የዌብሳይታችንን ችግር ከሥሩ ለነቀለልን ልጅ ምስጋና

ባሕር ዳር ውስጥ አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ አለን። ከውጭ የሚመጡ እንግዶቻችን ክፍል የሚይዙት በዌብሳይታችን ነው። ገጹ ሲበላሽ ቤቱ ባዶ ይሆናል። ለዚህ ነው ይህን ልጅ በአደባባይ ላመሰግነው የፈለግኩት።

ክሮም የተባለው የኢንተርኔት አሳሽ ከሐምሌ 2010 ዓ.ም. ጀምሮ በተራ ኤችቲቲፒ (መረጃው ሳይመሰጠር በሚተላለፍበት መንገድ) የሚከፈተውን ዌብሳይት ሁሉ «ደህንነቱ ያልተጠበቀ» ይለዋል። ገና ክፍል ሳይዝ ይህን ያየ እንግዳ ይሸሻል። ስለዚህ የእኛም መረጃው ተመስጥሮ ወደሚተላለፍበት ወደ ኤችቲቲፒኤስ እንዲዛወር አደረግን። የሠራልን ሰው ለዚህ የሚያስፈልገውን ሰርተፊኬት (የዌብሳይቱን ማንነት ለአሳሹ የሚያረጋግጥ ዲጂታል ማስረጃ) ጫነ፣ ሒሳቡን ተቀበለ፣ ሄደ። ከዚያ በኋላ ክፍል መያዣው ቅጽ ጠፍቶ ቦታው ነጭ ሆነ። የአማርኛው ጽሑፍ ቅርጹ ተቀየረ። አሳሹም ግንኙነቱ ሙሉ በሙሉ አስተማማኝ አይደለም ይል ጀመር። ስንደውልለት «ሰርተፊኬቱ ይሠራል እኮ» ከማለት በቀር መልስ አልነበረውም።

በወዳጅ ጥቆማ ይህ ልጅ መጣ። ምንም ሳይነካ መጀመሪያ ላፕቶፑ ላይ ኤፍ 12ን ተጭኖ አሳሹ በቀይ የደረደራቸውን የስህተት መስመሮች አሳየን። «ጋሼ፣ ገጹ በኤችቲቲፒኤስ ይመጣል፤ ውስጡ ያሉት ነገሮች ግን አሁንም በድሮው ኤችቲቲፒ ነው የሚጠሩት» አለኝ። ሚክስድ ኮንቴንት (የተቀላቀለ ይዘት) የሚሉት ይህ ነው። ፎቶ ከሆነ አሳሹ ብዙ ጊዜ ያሳልፈዋል፣ ወይም ራሱ በኤችቲቲፒኤስ ይሞክረዋል። ስክሪፕት (ገጹ ላይ የሚሠራ ኮድ)፣ ፎንት (የፊደል ቅርጽ ፋይል) እና ከሌላ ቦታ የሚገባ ገጽ ከሆነ ግን ጨርሶ ይዘጋዋል። የጣና ፎቶዎቻችን እየታዩ ቅጹና የግዕዝ ፎንቱ የጠፉት ለካ ለዚህ ነበር!

በጣም የወደድኩለት ጥንቃቄውን ነው። ሙሉ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ሳይወስድ የዌብሳይቱ መረጃ የሚቀመጥበትን ዳታቤዝ አልከፈተም። ዌብሳይታችን በዎርድፕረስ፣ ማለትም በዌብሳይት መሥሪያ ፕሮግራም፣ የተሠራ ነው። የድሮውን አድራሻ በአዲሱ በጅምላ መተካት ቀላል ይመስላል፤ አደጋው ግን እዚያ ላይ ነው። ዎርድፕረስ አንዳንድ መረጃዎችን ሲያስቀምጥ ጽሑፉ ስንት ፊደል እንደሆነ አብሮ ይመዘግባል። ኤችቲቲፒ ኤችቲቲፒኤስ ሲሆን አንዲት ፊደል ትጨመራለች። ቁጥሩ ካልተስተካከለ መረጃው አይነበብም፣ የገጹ ቅንብርም ይጠፋል። እሱ ግን ደብሊውፒ ሲኤልአይ በሚባለው፣ ዎርድፕረስን በጽሑፍ ትእዛዝ በሚያስተዳድረው መሣሪያ ነው የተካው። መሣሪያው ቁጥሩን ራሱ ያስተካክላል። ያውም መጀመሪያ በሙከራ አስኪዶ የትኛው ሠንጠረዥ ላይ ምን እንደሚቀየር ካሳየን በኋላ!

ቅጹ ደግሞ የራሱ ጣጣ ነበረው። የተቀመጠው በሌላ ንዑስ አድራሻ (በዋናው አድራሻችን ፊት ሌላ ቃል በተጨመረበት አድራሻ) ላይ ሲሆን ሰርተፊኬቱ ያንን አድራሻ አያካትትም። ሊንኩን ብቻ ቢቀይረው ኖሮ አሳሹ ሌላ ስህተት ያወጣ ነበር። ስለዚህ ሰርተፊኬት በነፃ ከሚሰጠው ከሌትስ ኢንክሪፕት ለንዑስ አድራሻውም ነፃ ሰርተፊኬት አወጣለት። ይህ ሰርተፊኬት የሚያገለግለው 90 ቀን ብቻ ስለሆነ በራሱ ጊዜ እንዲታደስ አድርጎ አስተካከለው። የፎንቱ ሊንክና የላይኛው ትልቅ ፎቶ የገጹን ንድፍ በያዙት የቴምፕሌት ፋይሎች ውስጥ በእጅ የተጻፉ ነበሩ፤ እነሱን ለቃቅሞ አረመ።

ሊንኮቹን ከላይ ከላይ የሚያስተካክል አንድ ፕለጊን (በዎርድፕረስ ላይ የሚጨመር ፕሮግራም) ጭኖ መሄድ ይችል ነበር። ባለቤቴ «እሱ አይቀልም ወይ?» ብላ ጠይቃዋለች። «እትዬ፣ ፕለጊኑ የጠፋ ቀን ችግሩ ተመልሶ ይመጣል። ከሥሩ ይሻላል» አላት። እውነቱን ነው። የሰው ዌብሳይት ሲይዝ የራሱ አድርጎ ነው የሚሠራው።

ዋጋውን ቀድሞ ነግሮን ነበር፤ ሲጨርስ አልጨመረም። የቀየረውን ሁሉ በጽሑፍ ሰጠን። የይለፍ ቃሎቻችንንም ሥራው ሲያልቅ እንድንቀይር ራሱ አሳሰበን። ይህን ያደረገልን ሌላ ባለሙያ እስካሁን አላጋጠመንም።

ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ! ከልብ እናመሰግንሃለን።

ዌብሳይታችሁ ከተዛወረ በኋላ ፎቶ፣ ቅጽ ወይም ፊደል ከጠፋባችሁ ይህን ልጅ ጥሩት። ስልኩን እዚህ አልለጥፍም፤ በውስጥ መስመር ጻፉልኝና አገናኛችኋለሁ። ስትደውሉለት ገጹ የተሠራው በምን እንደሆነና ሆስቲንጉ (ዌብሳይቱ የተቀመጠበት ሰርቨር) የት እንዳለ ብትነግሩት ሥራው ይፈጥንለታል። ከባሕር ዳር ውጭ ያላችሁም በርቀት ይሠራላችኋል።